የሩፋኤል ዝናብ የመታው ፒያኖ

እኔ ቀናተኛ ሰው አይደለሁም። ማንም ሳይጠይቀኝ ይህን በመናገሬ ደግሞ እንዳትጠረጥሩኝ። የወረታ ሰው ይመስክርልኝ እንዳልል የወረታ ሰው አፉ አያርፍም፤ ከጎንደር የመጣውን ወሬ ደብረ ታቦር ከመጣው ጋር ያዳቅልና ለባሕር ዳር ይልካል። መንገድ መገንጠያ ላይ የተቀመጠ ከተማ ጠባዩ ይኸው ነው። ስለዚህ የሆነውን ከራሴ ስሙት። እኔ ባለቤቴ እናኑ የት እንደዋለች፣ ከማን ጋር እንደዋለች፣ ምን እንደተባለች፣ ስትባልም ፊቷ ምን እንደመሰለ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ይህ ቅናት ከሆነ የቀበሌው ዘበኛም ቀናተኛ ነው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ከመገንጠያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ከዚያ በተረፈ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ከበሮ መቺ ነበርኩ። አባቴ ደብተራ ስለነበሩ የከበሮ አያያዝን ከእሳቸው ነው የወረስኩት፤ ለኪነት ብለው እንዳላወረሱኝ ግን እስኪሞቱ ድረስ ነግረውኛል። እናኑ በዚያው ቡድን ታዜማለች። እኔ ስመታ እሷ ስትዘፍን ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ከጭብጨባው ግማሹ የእኔ ነው ብዬ እወስድ ነበር። ኑሯችን ጥሩ ነበር። ላም አለችን፣ የስፌት መኪና አለን፣ ጭብጨባ አለን። ከዚያ ፒያኖው መጣ።

ሰኔ ላይ ነው። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ የጭነት መኪና መገንጠያው ላይ ጭቃ ያዘው። ሾፌሩ ጭነት ለማቅለል በሸራ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ነገር አወረደና «የመንግሥት ንብረት ነው፣ ከተዘጋ ክበብ የተወረሰ። ክረምቱ ሲወጣ ተመልሼ እወስደዋለሁ፣ አደራ» ብሎ ለቀበሌው አስረክቦ ሄደ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ቁም ሳጥን ነው አለ። ሌላው የፈረንጅ ሬሳ ሳጥን ነው፣ ፈረንጅ ተቀምጦ ነው የሚቀበረው አለ። ክዳኑ ሲነሳ ነጭና ጥቁር ጥርስ ተደርድሮ ታየ፤ ሬሳ ሳጥን ነው ያለው ሰውዬ ወደ ኋላ ሸሸ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይህ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው» አሉ። የማን እንደሆነ ታወቀ፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም።

ለሙዚቃ ቅርብ ነህ ተብዬ ተጠራሁ። ከፊቱ ተቀመጥኩ፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ ከእግሬ ሥር ፔዳል አገኘሁ። ደስ አለኝ፤ በባዕድ አገር ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። የስፌት መኪናዬን እንደምነዳው አድርጌ ረገጥኩት። ረገጥኩት፣ ረገጥኩት፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ ረገጥኩት። ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ ቋ ከማለቱ በቀር የወጣ ድምፅ የለም። «ጨርቅ አላስገባህበትማ» አለኝ አንዱ ከኋላዬ። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰቡና ብልሽት አለው ብለው ወሰኑ፤ አዳራሹ ጥግ ላይ ተገፍቶ የጥበቃው ካፖርት መስቀያ ሆነ።

በዚያው ሰሞን መምህር ሰሎሞን የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ለመሠረተ ትምህርት ተመድቦ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የፎገራን ጭቃ ሲያይ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ግራ የሚገባው ሰው ነው። መጀመሪያ ሳየው አዘንኩለት። ይህን ልብ በሉልኝ፣ አዘንኩለት። ከዚያ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ካፖርቱን አንስቶ ክዳኑን ከፈተና ቁጭ አለ። ፔዳሉን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ ያኔ ነው ትንሽ ቅር ያለኝ። ጣቶቹን በጥርሶቹ ላይ አሳረፈ፣ ያ የካፖርት መስቀያ ተናገረ።

እኔ ከበሮ ስመታ ሰው ይነቃነቃል። እሱ ሲጫወት ግን ሰው ሁሉ ባለበት ቀረ። ሲያስሉ የነበሩት ሳላቸውን ዋጡ። እኔ ደግሞ እናኑን አየሁ። አፏን ከፍታ ቆማለች። የሠርጋችን ዕለት እኔን ስታይ አፏን ገጥማ ነበር፤ አስታውሳለሁ፣ ልቧ ተነክቶ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼበታለሁ። ለካ ልቧ ሲነካ አፏ ይከፈታል።

ሊቀመንበሩ ቶሎ ነው የሚያቅዱት። ለአብዮት በዓል ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ፤ ወረታ ፒያኖ እንዳላት ይወቁልን፤ ፒያኖውን ደግሞ ሴት ትጫወተው፣ የሴቶች እኩልነት በተግባር ይታይ አሉ። የሴቶች ማኅበር ተነሥቶ እናኑን መረጠ። መምህሩ ክረምቱን ከሰዓት በኋላ እያስተማራት ለበዓሉ ያደርሳታል ተባለ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩና «ጓድ፣ ተቃውሞ አለህ?» አሉኝ። በዚያ ዘመን የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ብቻ ነው። አጨበጨብኩ።

የመጀመሪያ ቀን ትምህርቷን ጨርሳ ስትመጣ ምን አለች መሰላችሁ? «ጣቶቹ እኮ አያርፉም» አለችኝ። የሰው ጣት ምን አሳያት? ጣት እኔም አለኝ። በመርፌ የተበሳሳ ቢሆንም ጣት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷም ጣቶች ማረፍ ተዉ። በርጩማው ላይ፣ ገንቦው ላይ፣ ጉልበቷ ላይ ትመታለች። ላማችንን እንኳ በምት ነው የምታልባት። ላሟ የፎገራ ላም ናት፣ ኩሩ ናት፣ ትራገጣለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗን ጨፍና ታመነዥክ ጀመር፤ ወተቷም ጨመረ። ይህም አናደደኝ። የጨመረው ወተት ደግሞ ወዴት እንደሄደ ልንገራችሁ። «የሰው አገር ሰው ነው፣ የሚያበስልለት የለም» ተብሎ ለመምህሩ ሄደ። በእኔ ላም ወተት የእሱ ጣቶች ወዙ።

መጀመሪያ መጀመሪያ «መምህሩ እንዲህ አሉ» ነበር የምትለው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ «አለ» ሆነ።

«ማን አለ?» አልኳት።

«መምህሩ።»

«መቼ ነው አንተ የተባባላችሁት?»

«ታናሼ ነው እኮ፣ አንተ ደግሞ። ልጅ እግር ሰው አንቱ ሲሉት ያፍራል።»

አያፍርም። አንቱ ቢባል ኖሮ ደስ ብሎት ወደ አገሩ ይሄድ ነበር።

እንግዲህ እኔ ቀናተኛ ስላልሆንኩ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ሰበቤ ለመምህሩ ለበዓል የሚሆን ሱሪ ልለካለት ነው። ስገባ ሁለቱም በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የልብስ ሰፊ ዓይን አይሳሳትም፤ በመካከላቸው ስንዝር የማይሞላ ክፍተት ነበር። መምህሩን ለካሁት፣ አመሰገነኝ፣ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ለአግዳሚው ልብስ ሰፋሁለት። ግራውና ቀኙ ሰማያዊ፣ መካከሉ ላይ ሰፊ ቀይ መስመር። ሐሳቤን ሳትረዱት አትቀሩም።

አምጥቼ ሳለብሰው ሊቀመንበሩ በአጋጣሚ ደረሱ። «ቀዩ ምንድን ነው?» አሉ። «የአብዮቱ ምልክት ነው» አልኳቸው። በጣም ተደሰቱ። ስሜ በስብሰባ ላይ በምስጋና ተነሣ፤ ያን ጨርቅ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያነሳው አይችልም። ድንበሬ ጸና ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። ያላሰብኩት ነገር ፒያኖ ረጅም መሆኑን ነው። በቀኝ ያለችው እናኑ ወፍራሙን ድምፅ ለማግኘት ወደ ግራ ትሳባለች፣ በግራ ያለው እሱ ቀጭኑን ለማሳየት ወደ ቀኝ ይሳባል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ቀዩ ላይ ይገናኛሉ።

ስለዚህ ሱሪውን ሰፋሁለት። እዚህ ላይ በሙያዬ እንዳትንቁኝ፤ ያ ሱሪ ቆሞ ለሚያየው ሰው እንከን የለውም። ቁጭ ለማለት ግን ባለቤቱ ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት። «እስኪ ልኩን እንየው፣ ልበሰው» አልኩት። ለበሰው፣ ወደደው፣ አላወልቅም አለ። ያመጣቸውን ሱሪዎች ጭቃችን ስለበላቸው እውነቱን ነው። በማግስቱ አዳራሽ ሄጄ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ያሰብኩት ሆኗል፤ መምህሩ አግዳሚው ላይ መቀመጥ አልቻለም። እናኑ ብቻዋን ተቀምጣለች። እሱ ከኋላዋ ቆሞ፣ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ፣ እጁን በግራዋና በቀኟ ልኮ ያስተምራታል። በገዛ እጄ፣ በገዛ ክሬ፣ ከጎኗ አንስቼ ከላይዋ አደረግሁት።

ሮጬ ገባሁ። «ሱሪው ጠቧል መሰለኝ፣ ና ላስፋልህ» አልኩት።

«ኧረ ተወው ወንድሜ» አለኝ እየሳቀ። «ቆሞ ማስተማር እንዲህ እንደሚመች አላውቅም ነበር።»

ነሐሴ ገባ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ወጣ፣ ጉማራም ተከተለው፣ የፎገራ ሜዳ እንደ ልማዱ ውኃ ለበሰ። እርጥበቱ ግድግዳችን ላይ ወጣ፣ ጨርቆቼን አሻገተ፣ መርፌዬን አዛገ። ፒያኖውም ውስጥ ገባ። ድምፁ ወረደ፤ አንዳንዱ ጥርስ ተጭነውት ሲለቁት አልመለስም ይል ጀመር። መምህሩ ሆዱን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እርጥበት ነው። ይህን የሚያስተካክል ሰው አዲስ አበባ ነው ያለው» አለ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ደስታዬ እንዳይታይ።

ደስታዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልዋለም። እናኑ ቤት ገብታ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። ምንም ነገር አልመታችም። ላሟን እንኳ ዝም ብላ ነው ያለበቻት።

«ምነው?» አልኳት።

«ቀረ እንጂ።»

«ምኑ?»

«ዘፈን ያው አፌ ነው፣ ሁሉም አፍ አለው» አለች ቀስ ብላ። «በእጄ የሠራሁትን አንድ ቀን ሰው ቁጭ ብሎ እንዲሰማልኝ ፈልጌ ነበር። ጭቃ ስመርግበት፣ ኩበት ስጠፈጥፍበት የኖርኩበት እጅ ነው። እንዲህም ያውቃል ለካ ብዬ።»

ከተጋባን ጀምሮ ይህን ያህል ረጅም ነገር ስለ ራሷ ተናግራ አታውቅም። ልቤ ተነካ። የተነካ ልቤ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ብቅ አለ፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው የሚያስተካክለውን እኔ ወረታ ላይ ባስተካክለውስ? መምህሩ ቆሞ እያየ። መቼም መቀመጥ አይችልም።

ከበሮ የሚያውቅ ሰው እርጥበትን ያውቃል። ክረምት ላይ የከበሮ ቆዳ ይረግባል፤ ሲመቱት እንደ ትራስ ዱፍ ይላል። መድኃኒቱ ፀሐይ ነው። አባቴ ከማኅሌት በፊት ከበሮውን ከደጅ አውጥተው ለፀሐይ ይሰጡታል፣ እያገላበጡ ያሞቁታል፣ በጣታቸው እየቆረቆሩ ይሰሙታል፣ ሲወጠር ድምፁ ጥርት ብሎ ይመለሳል። ፒያኖም ከዚህ በምን ይለያል? ትልቅ መሆኑ ፀሐዩን ያበዛው ይሆናል እንጂ ነገሩን አይለውጠውም።

ጳጉሜን ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ታየ። ከመገንጠያው ጫኞች ጠርቼ ፒያኖውን ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ አስወጣሁት። ክዳኑን ከፈትኩ፣ የፊቱንና የጀርባውን ሳንቃ ፈታሁ፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጠሁ። እየዞርኩ ጎኑን በጣቴ ቆረቆርኩት። በእውነት እላችኋለሁ፣ ድምፁ እየተመለሰ ነበር። ያላየሁት ቀኑን ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ በጳጉሜን ቀን አይቆጥርም፤ ከተማው በሙሉ የአዲስ ዓመት ልብሴ ደረሰ ወይ እያለ በሩ ላይ ቆሞበት እንዴት ይቁጠር? ቀኑ ለካ ጳጉሜን ሦስት ነው። ሩፋኤል።

ከጣና በኩል ደመና ተነሣ። ያ ጥርት ያለ ሰማይ ባንዴ ጠቆረ፣ ጠብታው ትከሻዬ ላይ አረፈ። «ኑ፣ አንሱልኝ፣ እናስገባው» እያልኩ ወደ ጫኞቹ ሮጥኩ። ጫኞቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ቆመዋል። «ዛሬ ማን ይጠለላል ብለህ ነው?» አለኝ አንዱ ዓይኑን ሳይገልጥ። እውነቱን ነው። በሌላ ቀን ዝናብ ሲመጣ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነውና ሲመጣ ሰው ከቤቱ ይወጣል። ወጣ። ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ሁሉም ወጣ። ሲወጣ ደግሞ ሜዳው መካከል ሆዱን ከፍቶ ዝናብ የሚመታውን ፒያኖ አየ።

የነፍስ አባታችን አባ ጥምጣማቸውን እንዳረጠቡ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ታሞ ነው ያወጣኸው ልጄ?» አሉኝ።

«ድምፁ ጠፍቶ ነው አባ። ይባርኩኝ፣ ሰዎቹን ይዘዙልኝና እናስገባው።»

«ድምፁ ከጠፋማ ደግ አደረግህ። ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚድን? ይንካው፣ ተወው።»

አባ እንዲህ ካሉ በኋላ ማን ይስማኝ? ሕዝቡ በሙሉ በሽተኛ ላስጠምቅ ያወጣሁ መሰለው። አንዲት እናት ከጣራ የሚወርደውን በጣሳ እየቀዳች ሆዱ ውስጥ ጨመረችለት። ወገቧን የሚያማት ጎረቤታችን ጀርባዋን ሰጥታው ተደገፈች። ልጆቹ ጥርሱን ተራ በተራ ያጥቡታል። ኮቴን አውልቄ ከደንኩት፤ አንዱ «በረከት አትከልክለው» ብሎ ገፈፈው። በጉልበቴ ልገፋው ሞከርኩ፤ መንኮራኩሩ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። በዚህ መካከል በወረታ ከተማ በዚያ ሰዓት ጃንጥላ የያዘ ብቸኛ ሰው መጣ። ሊቀመንበሩ ናቸው። ከኋላቸው እናኑ እየሮጠች፣ መምህሩም ሱሪው በፈቀደለት መጠን እየሮጠ ደረሱ። እናኑ ፒያኖውን አየች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ዝናቡ እንዳባራ ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለ ሂስ ነው። ክሴ የሰፊውን ሕዝብ ንብረት ለኋላ ቀር አስተሳሰብ አሳልፎ መስጠት ነው፤ በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ገብቶ ያልወጣ ሰው አለ። ስለ ከበሮ ልናገር አፌን ስከፍት ቆሞ የነበረው መምህር እጁን አወጣ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «እርጥበት ስላለበት ፀሐይ ላይ ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ሳይንሳዊ ዘዴ ነው። ዝናቡን ማንም አላዘዘውም።»

አላለም። ሊያድነኝ ነው የዋሸው። እናኑ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እንግዲህ ጣት አለው፣ ቁመት አለው፣ ወተቴን ጠጥቷል፣ አሁን ደግሞ ደግነትም ሊጨምርበት ነው? ይህን መሸከም አልቻልኩም። እሱ ደግ ሆኖ ከምድን እኔ ጥፋተኛ ሆኜ ብገባ ይሻለኛል።

«እንዳትሰሙት» ብዬ ተነሣሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አይደለም፣ የእኔ ነው።»

«እሱ ምን ያውቃል? ፀሐዩ የእኔ ሐሳብ ነው። ከበሮ መቺ እኔ ነኝ።»

«ወንድሜ፣ እባክህ ተቀመጥ።»

«አንተ ተቀመጥ» አልኩት፣ እንደማይችል እያወቅሁ።

ሊቀመንበሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። በግለ ሂስ ስብሰባ ሁሉም ሰው ጥፋቱን ወደ ሌላ ሲገፋ እያዩ ነው የኖሩት፤ ሁለት ሰው አንድ ጥፋት ሲሻማ አይተው አያውቁም። ፒያኖው በበዓሉ ቀን ድምፅ ካሰማ ነገሩ ይረሳል፣ ካላሰማ ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ ብለው ስብሰባውን ዘጉ።

ፒያኖውን ወደ አዳራሹ አስገብተን በሩንና መስኮቱን ከፍተን ነፋስ አገባንበት። የአዲስ ዓመት ዕለት እናኑ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነካካቻቸው። ብዙዎቹ ተናገሩ፣ አንዳንዶቹ ዝም አሉ። ዝም ያሉት ደግሞ የምትጫወተው ዜማ የሚመላለስባቸው ናቸው። መምህሩ ዜማ እንቀይር አላት።

«አልቀይርም» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ዝም ያለው ጥርስ ጋ ስደርስ አንተ ከበሮህን ምታ።»

«የቱ ጋ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አይሃለሁ። ሳይህ ምታ።»

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የአውራጃ እንግዶች ከፊት ተቀመጡ። መምህሩ እንደ ልማዱ ግድግዳ ተደግፎ ሊቆም ሲል ሊቀመንበሩ «ጓድ መምህር፣ የክብር ቦታህ እዚህ ነው» ብለው ከጎናቸው ወንበር አሳዩት። ሱሪውን አሰበ፣ ሊቀመንበሩን አየ፣ በጥንቃቄ ዳር ላይ አረፈ። እናኑ ቀዩ መስመር ላይ ተቀመጠች። ጣቶቿ ሄዱ። ያ ኩበት የጠፈጠፈ እጅ ሲሄድ ሰው ባለበት ቀረ፣ ሳሉን ዋጠ። ከዚያ ዓይኗን አንስታ አየችኝ። መታሁ። ትጫወታለች፣ ታየኛለች፣ እመታለሁ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ተደምሮ እንደዚያን ቀን አላየችኝም። ደስታው ሲበዛብኝ አንዱን ሆን ብዬ አሳለፍኩት፣ ደግማ እንድታየኝ። አየችኝ፤ ያን አስተያየት የምታሳየኝ ላሟ ጎረቤት አጥር ስትገባ ነው። ከዚያ በኋላ አላሳለፍኩም።

ስትጨርስ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መካከል መምህሩ ሊያጨበጭብ ብድግ ሲል ሱሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀደደ። ድምፁ አዳራሹን ሞላው። እንግዶቹ የሙዚቃው መደምደሚያ መሰላቸውና ተነሥተው አጨበጨቡ፤ ሕዝቡም ተከተለ። ሰውየው ግድግዳ አጥቶ ሲሽከረከር አየሁት። ባለቀይ መስመሩን ጨርቅ ከአግዳሚው ገፍፌ ሮጥኩና ወገቡ ላይ ጠቀለልኩለት። እኔም የምመካበት ደግነት አለኝ።

ቤት ስንገባ እናኑ ሱሪውን ለጥገና ይዛ ነበር። ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

«አንተ የሰፋኸው ልብስ ተቀዶ ያውቃል?» አለችኝ።

«እርጥበት ይሆናል።»

«ቀንተህ ነው።»

«እኔ?» አልኩ። መርፌ ፍለጋ ተነሣሁ።

መስከረም ሳያልቅ ሾፌሩ በቃሉ መሠረት መጣ። ፒያኖውን ወደ መኪናው ሲያወጡት ከሁሉም በላይ የገፋሁት እኔ ነኝ። መኪናው በደብረ ታቦር መንገድ ሲርቅ አሁን የቀረኝ መምህሩን መጠበቅ ነው አልኩ፤ የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ እስኪያልቅ አይሄድም ነበርና። ጠበቅሁ። እናኑ ወደ እሱ አልሄደችም። ወተት አልላከችም። በሱቄ ፊት ሲያልፍ እንደማንኛውም ሰው ደህና ዋልክ ትለዋለች፣ ያልፋል። ወደ ገበያ ስትሄድ ግን በአዳራሹ በኩል ትዞራለች፤ በመስኮቱ ቆም ብላ ያን ባዶ ጥግ ታየዋለች። ክረምቱን ሙሉ ሰውየውን ስጠብቅ ከረምኩ፣ ቤቴ የገባው ግን ሳጥኑ ነበር። ሰው ቢሆን እንጣላ ነበር። ከሳጥን ጋር ምን ይባላል? አሁን ደግሞ እሷ እንዲህ ሆና ሳያት እንዳልገፋሁት ሆኖ ቢመለስ ብዬ ተመኘሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ ሱቅ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። በር ላይ ያለውን የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ጨርቅ ወደ ጎን ገፋ አደረገችና እጆቿን ጠርዙ ላይ አሳረፈች። ጣቶቿ ሄዱ። ድምፅ የለም፤ ጠረጴዛ ነው፣ ጥርሱ ሁሉ ዝም ያለ ነው። መርፌዬን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ዓይኗን አንስታ አየችኝ። በመዳፌ ጠረጴዛውን መታሁ። ፈገግ አለች፣ ቀጠለች፣ አየችኝ፣ መታሁ። አንድም አላሳለፍኩም። ዜማው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በደንብ እሰማ ነበር። መገንጠያው ላይ መኪና የሚጠብቁ ሰዎች ቆመው ያዩን ጀመር፤ አንድ ቀጭን ሾፌርማ አፉን ከፍቶ ነበር።

እኔ ቀናተኛ ሰው አይደለሁም። ጠረጴዛውን ግን በማግስቱ ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ ከመንገድ ይታያል።